«አለሁ»

አክስቴ የምትኖረው ስናን ወረዳ፣ ከረቡዕ ገበያ አለፍ ብሎ፣ ጮቄ ሥር ነው። ስደውልላት ስልኩን መጀመሪያ የሚያነሳው ነፋሱ ነው፤ የእሷ ድምፅ ከኋላው ይመጣል። «እንዴት ሰነበትሽ፣ እትዬ?» እላታለሁ። «አለሁ» ትለኛለች። ደህና ነኝ አትልም። እኛ አገር ሁለቱ አንድ አይደሉም። «ደህና ነኝ» ጎታው ሲሞላ ነው። «አለሁ» የሚባለው ግን ላሟ ነጥፋ፣ ጉልበት ከድቶ፣ ዝናቡ በጣሪያው እየገባ፣ ሰውየው ግን ገና ከደጁ ያልተነሣ እንደሆነ ነው።

ስለ ሴል ልጽፍ ተቀምጬ በአክስቴ መጀመሬ አላማረኝም ነበር። ሦስቴ ሰርዤ ሦስቴ ተመለስኩበት፤ ይቅር።

ሥራዬ ላብራቶሪ ነው፣ ደብረ ማርቆስ። አክታ፣ ሽንት፣ ዓይነ ምድር፣ መግል፣ ሰው የሚጸየፈውን ሁሉ መስታወት ላይ ቀብቼ ሳይ የምውል ሰው ነኝ። ባለፈው ነሐሴ አንድ ገበሬ ጭኑ ላይ ብጉንጅ ወጥቶበት መጣ። ቤቱ ሆኖ በትኩስ ጨርቅ ሲያስተኩስ ሰንብቶ፣ መራመድ ሲያቅተው ነው የመጣው። ሐኪሙ በጥቶ መግሉን በሲሪንጅ ላከልን። አብሮኝ የነበረው ተለማማጅ ተማሪ ግራም የሚባለውን የባክቴሪያ መለያ ቀለም ይሥራው ብዬ ሰጠሁት። ስስ አድርጎ ቀባው፣ አደረቀው፣ በእሳት ላይ ሁለት ሦስቴ አሳለፈው፣ ክሪስታል ቫዮሌቱን አፈሰሰ፣ አዮዲኑን ደገመ። አልኮሉ ላይ ግን ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበርና አብዝቶ አጠበው። ወይን ጠጅ መሆን የነበረባቸው ባክቴሪያዎች ግማሾቹ ቀልተው ወጡ። ድገመው አልኩት፤ ደገመው።

ሁለተኛው ጥሩ ወጣ። በመቶው ሌንስ፣ ዘይት ጠብ አድርገን አየን። ማሳው ሁሉ ኒውትሮፊል ነው። ኒውክለሱ፣ ማለትም አስኳሉ፣ ሦስት አራት ቦታ እንደ መቁጠሪያ የተቋጠረ ነጭ የደም ሴል ነው፣ እኛ በውጤት ወረቀት ላይ «ብዙ ፐስ ሴል» ብለን የምናልፈው። አብዛኛው ፈርሷል፣ ጠርዙ ጠፍቷል። መሐል ላይ ግን አንዱ ክብ ሆኖ፣ ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል፤ ሆዱ ውስጥ እንደ ወይን ዘለላ የተሰበሰቡ ባክቴሪያዎች አሉ።

ተማሪው ከሌንሱ ሳይነሣ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ መግል የሞቱ ሴሎች ሬሳ ነው ብለው ነው ያስተማሩን። ይሄኛው ግን እየዋጠ ነው። እዚህ ማጥ ውስጥ ምን እየተነፈሰ፣ ምን እየበላ ነው የቆየው?»

«እስቲ አንብብና ንገረኝ» አልኩት። መልሱን የማያውቅ አስተማሪ ሁሉ የሚለውን ነው ያልኩት። ልጁ ልምምዱን ጨርሶ ሄደ። ጥያቄው ግን እኔ ዘንድ ቀረ፣ ከዚያ ወዲህ ሳነብ ቆየሁ። (ከዚህ በታች ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ቁስል «ተቆጣ» እንላለን። መጽሐፉ «ብግነት» ይለዋል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የተቆጣ ሥጋ የተቆጣ ቤት ይመስላል፤ ውስጡ ላለ ሰው አይመችም። እብጠቱ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ይጫናቸዋል። ያለችውን ኦክስጅን ባክቴሪያውም፣ ሥጋውም፣ ለእርዳታ የመጣውም ሴል ይሻማታል። ይባስ ብሎ ኒውትሮፊሉ ባክቴሪያ የሚገድልበትን መርዝ የሚሠራው ከዚያው ከኦክስጅን ነው፤ ሲዋጋ በአንድ ጊዜ መጥምጦ ይጨርሰዋል። ስኳሩ ይጎድላል፣ አሲዱ ይበዛል። ዕጢ ውስጥ ደግሞ ነገሩ የከፋ ነው፤ ካንሰር ራሱ የሚያበቅላቸው የደም ሥሮች ጠማማና የሚያፈሱ ስለሆኑ ኦክስጅኑ ከ1 በመቶ በታች የሚወርድባቸው ጉድጓዶች አሉ።

ኦክስጅን ማነስ ምን እንደሆነ ለጎጃም ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ደብረ ማርቆስ ራሱ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው የጮቄ ጫፍ ላይ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ከአክስቴ ጋር ወደ ላይ ስወጣ እኔ በየሃምሳ እርምጃው ቆሜ «እይታው እንዴት ያምራል» እላለሁ፣ ትንፋሼን ለመሰብሰብ ብልሃቴ ይህ ነው። እሷ ማገዶ ተሸክማ ስለ ጎረቤቶቿ ታወራለች። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2002 ባወጡት ጥናት፣ የሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢናቸው፣ ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ፕሮቲን፣ ከባሕር ጠረፍ ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይተዋል። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ደማቸውን አወፍረው ነው የሚኖሩት፤ የኛዎቹ አያወፍሩም። ያው አየር፣ ሌላ ብልሃት።

ሴሉም የራሱ ብልሃት አለው። «ሂፍ» የሚሉት ፕሮቲን አለ። ሴሎቻችን ይህን ፕሮቲን ያለማቋረጥ ይሠሩታል፤ ኦክስጅን እስካለ ድረስ ደግሞ ያለማቋረጥ ያጠፉታል፣ በተሠራ በደቂቃዎች ውስጥ። መጀመሪያ ሳነበው ብክነት መሰለኝ። ደወል አስቡ። ምላሱን አንድ ሰው በእጁ ጨብጦ ይዞታል፤ ሰውየው ኦክስጅን ነው። ሰውየው ዞር ሲል ማንም ሳያዝዘው ደወሉ ይደውላል። ሂፍ ሳይጠፋ ይቀርና ወደ ኒውክለሱ ይገባል፣ ያለ ኦክስጅን ለመኖር የሚያስፈልጉትን ጂኖች ይቀሰቅሳል፦ ስኳር ማስገቢያውን፣ ስኳር መሰባበሪያውን፣ አዲስ የደም ሥር መጥሪያውን። ይህን የፈቱት ዊሊያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴመንዛ በ2019 ኖቤል ወስደውበታል።

የኔን ተማሪ ጥያቄ የሚመልሰው ግን ከዚያ ቀድሞ የተሠራ ነው። በ2003 ከኒውትሮፊልና ከማክሮፋጅ፣ ከሌላው ዋጭ ነጭ የደም ሴል፣ ውስጥ ሂፍ እንዲጠፋ የተደረገባቸው አይጦች ብግነት ማስነሣት ተሳናቸው። በ2005 ደግሞ ኒውትሮፊል ኦክስጅን ሲያጣ ቶሎ እንደማይሞት፣ እንዲያውም ዕድሜው እንደሚረዝምና ይህንንም የሚያደርገው ሂፍ እንደሆነ ታየ። ሁለቴ አነበብኩት። ደም ውስጥ ዕድሜው በሰዓት የሚቆጠር፣ መቅኒያችን በየቀኑ ወደ 100 ቢሊዮን ገደማ እየሠራ የሚተካው ሴል፣ አየር የሌለበት ማጥ ውስጥ ሲገባ ሞቱን ያዘገየዋል። ሚቶኮንድሪያውም፣ ስኳርን በኦክስጅን የሚያነድበት ምድጃው፣ ጥቂት ነው፤ መጀመሪያውኑ ኦክስጅን ላይ ብዙ ተስፋ ሳያደርግ የተሠራ ነው። ወደ ቆላ እንደሚወርድ ሰው ስንቁን ይዞ ነው የሚሄደው።

ስለ ኒውትሮፊል ካነሳሁ ላይቀር አንድ ነገር ልናገር፣ ሙያዬ ነውና። ብዙዎቻችን ኢትዮጵያውያን የኒውትሮፊል ቁጥራችን አውሮፓ ተሠርቶ ከመጣው መለኪያ ዝቅ ይላል። ከዳፊ የደም ዓይነት ጋር የተያያዘ ውርስ ነው፣ በሽታ አይደለም። ማሽኑ ግን ቀይ ምልክት ያደርግበታል፣ ሰውም ወረቀቱን ይዞ ፊቱ ገርጥቶ ይመጣል። ስንቱን «ምንም የለብህም፣ አገርህ ነው» ብዬ እንደሸኘሁት።

ወደ ነገራችን። ሞቱን ያዘገየ ኒውትሮፊል ጥሩ ነገር ይመስላል። ብጉንጁ ውስጥ ጥሩ ነው። ግን ይህ ሴል ተራው ሲደርስ ሞቶ፣ ማክሮፋጅ መጥቶ ጠራርጎ እንዲውጠው ነው ሥርዓቱ። ሥራው ካለቀ በኋላ ከቆየ የተሸከመው መርዝና ፕሮቲን ቆራጭ ኤንዛይም ጤነኛውን ሥጋ መብላት ይጀምራል። የማይድን ቁስል፣ ዓመት ሙሉ የሚቆጣ መገጣጠሚያ፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ እንግዳ ያልወጣለት ቤት ነው።

ምግቡስ? እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ማጀት ይገባል። ሴል ኦክስጅን ሲያጣ ስኳሩን እስከ መጨረሻው ማንደድ አይችልም። ግማሽ መንገድ ሰባብሮ ላክቲክ አሲድ አድርጎ ይጥለዋል። እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው፤ የሊጣችን እርሾ ውስጥም አለ። በኦክስጅን የነደደ አንድ ግሉኮስ 30 ገደማ ኤቲፒ፣ ሴሉ ለሥራው የሚመነዝረው ኃይል፣ ይሰጣል፤ በዚህኛው መንገድ 2 ብቻ። ስለዚህ ለመኖር ብዙ ስኳር መብላት ግድ ነው፣ ብዙ በበላ ቁጥር ደግሞ ሰፈሩ ይኮመጥጣል። ካንሰር ሴል ኦክስጅን እያለም እንኳ በዚህ መንገድ መሄድ እንደሚወድ ጀርመናዊው ኦቶ ዋርቡርግ በ1920ዎቹ አይቶታል። አስቡት፤ ካንሰሩ ስኳሩን ይጠርጋል፣ ኮምጣጣውን ይተፋል፣ ሊገድለው የመጣው ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ደግሞ ለመግደል ስኳር ያስፈልገዋል። ደርሶ ባዶ ሌማት ያገኛል።

ይህን ሳነብ በጣም የደነቀኝ ረሃቡ ለሁሉም እኩል አለመሆኑ ነው። ተቆጣጣሪ ቲ ሴል የሚባሉ አሉ፤ ሥራቸው ሌሎቹን ሴሎች «ረጋ በሉ፣ የራሳችሁን ሥጋ እንዳትበሉ» ማለት ነው። እነሱን የሚመለከተው ሥራ በ2025 ለሜሪ ብራንኮው፣ ለፍሬድ ራምስዴልና ለሺሞን ሳካጉቺ ኖቤል አስገኝቷል። እነዚህ ተቆጣጣሪዎች ዕጢው ውስጥ ላክቴቱን፣ ያንኑ ኮምጣጣ፣ ራሱን መብላት ይችላሉ። ተዋጊው በኮምጣጣው ሲዳከም፣ «ተው» ባዩ በኮምጣጣው ይወፍራል። ስንት የማውቀው መሥሪያ ቤት ትዝ አለኝ፤ ስም አልጠራም።

ከስኳሩ ቀጥሎ የፕሮቲን ጡብ ነው፣ አሚኖ አሲድ። ትሪፕቶፋን የምትባል አንዷን ሰውነታችን መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ነው የምትመጣው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል ያደገ ሰው ሳያውቃት ያውቃታል፤ በቆሎ እሷ የምታንሰው እህል ነው፣ ለዚህም ነው ፕሮቲኑ የተሻሻለ የበቆሎ ዘር የመጣው። አንዳንድ ዕጢዎችና ዙሪያቸው ያሉ ሴሎች ትሪፕቶፋንን የሚያፈርስ ኤንዛይም ይሠሩና ሰፈሩን ባዶ ያደርጉታል። ይህ ተንኮል ከየት መጣ ቢባል መልሱ ከማኅፀን ነው። በ1998 አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች ይህን ኤንዛይም በነፍሰ ጡር አይጦች ላይ ሲያግዱት፣ የእናቲቱ ቲ ሴሎች ከሌላ ዘር አባት የተፀነሰውን ጽንስ እንደ ባዕድ ቆጥረው አጠፉት። እናት ልጇን ከራሷ ሠራዊት የምትደብቅበትን መጋረጃ ነው ካንሰሩ የተከናነበው። ሰዎች መጋረጃውን የሚገፍ መድኃኒት ሠሩ፣ ብዙ ተስፋ ተጣለበት፣ በ2018 ግን በትልቅ የሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር) ሙከራ ላይ ጥቅም ሳያሳይ ቀረ። ባዮሎጂ እንዲህ ነው። ታሪኩ ስላማረ ብቻ አይሠራልህም።

ትሪፕቶፋን ያጣ ቲ ሴል ወዲያው አይሞትም። ጂሲኤን2 የሚባል ዳሳሽ አለው፤ ጡቡ ማለቁን ያውቅና የግንባታውን ሥራ ሁሉ ባለበት ያስቆማል። አብዛኛው ፕሮቲን መሠራቱ ይቆማል፤ ለክፉ ቀን የሚያስፈልጉት ጥቂቶቹ ብቻ ይሠራሉ። አየር ቢያጥርም፣ ፕሮቲኑ ሳይታጠፍ ተበላሽቶ ቢከማችም፣ ሌሎች ዳሳሾች ይኸንኑ ፍሬን ይይዛሉ። ከዚያ ሴሉ ራሱን መብላት ይጀምራል። ያረጀ ሚቶኮንድሪያውን፣ የተሰበረ ፕሮቲኑን ጠቅልሎ ያፈርስና መልሶ ይጠቀምበታል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ይህን እርሾ ላይ አጥንቶ በ2016 ኖቤል አግኝቷል።

አክስቴ በሐምሌና በነሐሴ ማገዶው ሁሉ ረጥቦ አልነድ ሲላት ከአሮጌው በረት ወራጅ እየመዘዘች ታነዳለች። በረቱ ከብት ካጣ ቆይቷል። በየዓመቱ ይጠባል። የምትኖርበትን ቤት ግን አትነካም፣ ለዘር ያስቀመጠችውን ገብስም እንዲሁ። ሴሉም ወሰን አለው። ጭንቁ ካላባራ ያው ሲያድነው የነበረው ሥርዓት ይገለበጥና ሞቱን ያዛል። ዘሩን የበላ ገበሬ ማለት ነው።

እንግዲህ ስለ አክስቴ። የዛሬ ሁለት ዓመት ጡቷ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር አገኘች። ለማንም ሳትናገር አራት ወር ቆየች፤ መጀመሪያ ድንቹ ይውጣ አለች። ከዚያ ባሕር ዳር ወሰድኳት፣ ናሙና ተወሰደ። እዚያ ፓቶሎጂ የሚሠራ አብሮ አደጌ፣ ሁለት ሰው አብሮ የሚያይበት ማይክሮስኮፕ አለውና፣ «ና አንተም እየው» አለኝ። ባላየው ይሻለኝ ነበር፣ አየሁት። ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ነው። ካንሰሩ በጎጆ በጎጆ ተሰብስቦ ተቀምጧል። በዙሪያው ደግሞ ትንንሽ ጥቋቁር ነጠብጣብ የመሰሉ ሊምፎሳይቶች፣ ቲ ሴሎች ያሉበት የነጭ የደም ሴል ወገን፣ ተደርድረዋል፣ እንደ ደጅ ጠኚ። ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው የገቡት። «እነዚህ ለምን አይገቡም?» አልኩት። «ደክሟቸዋል» አለኝ፣ ቀለል አድርጎ።

ድካሙ ሳይንሳዊ ስም ነው፣ እሱ የፈጠረው አይደለም። በ1990ዎቹ በቫይረስ ለረጅም ጊዜ የታመሙ አይጦች ላይ ነው የታየው፤ ቲ ሴሎቹ በሕይወት አሉ፣ ጠላታቸውን ያውቃሉ፣ ግን አይገድሉም። ላያቸው ላይ ፒዲ1 የሚባል ፍሬን በዝቷል። ፒዲ1ን ታሱኩ ሆንጆ ኪዮቶ ላይ በ1992 ነው ያገኘው፤ ሌላውን ፍሬን ካጠናው ከጄምስ አሊሰን ጋር በ2018 ኖቤል ተካፈሉ። ፍሬኑን የሚያነሡ መድኃኒቶች ዛሬ አሉ፤ አንዳንዱን በሽተኛ ከአፋፍ ይመልሳሉ፣ አንዳንዱን ምንም አያደርጉለትም፣ የሌላው ደግሞ ሴሎቹ ተፈተው አንጀቱንና የታይሮይድ ዕጢውን ያጠቃሉ። ለአክስቴ አልታዘዘላትም።

አብሮ አደጌ «ደክሟቸዋል» ሲለኝ ተናድጄ ነበር፣ ሴል ላይ መናደድ ከተቻለ። ኋላ ግን በ2006 የወጣ አንድ ሥራ አነበብኩ። ፒዲ1 የሚይዘው አጣማጅ ፕሮቲን እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ያ ሥር የሰደደ ቫይረስ ሲይዛቸው ሞቱ። ቲ ሴሎቻቸው አልደከሙም፤ ያለ ፍሬን ተዋግተው ባለቤቱን ገደሉት። ድካሙ የተሠራ ነገር ነው። ማለቂያ የሌለው ጦርነት ውስጥ የገባ ሴል እሱም እንዲቆይ፣ ቤቱም እንዳይቃጠል እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል። ካንሰሩ ይህን አልፈጠረውም፤ አግኝቶ ተጠቀመበት እንጂ።

ለዚህ ነው «በሽታ የመከላከል አቅም ያሳድጋል» የሚባል ነገር የሚያናድደኝ። አክስቴ ታማለች ሲባል ቤቷ በፌጦ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ሞላ። በኮሮና ጊዜም እንዲሁ ነበር። ፌጦውን አልጠላም፣ እኔም እበላለሁ። ግን እዚያ ስላይድ ላይ ያየኋቸው ሴሎች ቁጥር አላነሳቸውም። ሞልተው ነበር። የቸገራቸው የሚቆሙበት መሬት ነው፦ አየር የለም፣ ስኳሩ ተበልቷል፣ ሰፈሩ ኮምጥጧል፣ በዚያ ላይ «ተው» የሚል አለ። ሠራዊት ጨምርበት ማለት ለዚህ መልስ አይደለም።

ጡቷ ተቆርጦ ወጣ፣ ኬሞውን ጨረሰች፣ ጸጉሯ ከሻሹ ሥር ተመልሶ በቀለ፣ ድሮ ካልነበረው ሽበት ጋር። በዚያው ባለፈው ነሐሴ ሄጄ ነበር፤ ያ ተማሪ ጥያቄውን በጠየቀኝ በሳምንቱ። እሳቱ አልነድ ብሎ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ባሕር ዳር ያየሁትን በጊዜው አልነገርኳትም ነበር፤ ያን ቀን ነገርኳት። በራሷ ቋንቋ፣ እንደ ደጅ ጠኚ ከበር ላይ ተቀምጠው የቀሩትን።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ዓይኗን በጭሱ እየጠረገች፣

«ታዲያ አሁንስ?» አለችኝ። «እነዚያ ልጆች እንዴት ናቸው?»

«አሉ» አልኳት።

«አሉ?»

«አሉ፣ እትዬ።»

«እህ» አለችና ተነሥታ ወጣች። ወራጁ ሲመዘዝ ሲንቋቋ ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት።